የአበባ ክፍሎች ስያሜ፦ ካርፔልና ፒስቲል፣ የኦቫሪ አቀማመጥ እና የሱፍ አበባ ጉዳይ

ጥያቄ — «ጀማሪ ለቃሚ»

ሰላም ለሁላችሁም። ዕፅዋትን በመለያ ቁልፍ እየታገዝኩ መለየትን በራሴ እየተማርኩ ነው። ቅጠልንና ግንድን የሚመለከቱትን መጠይቆች ብዙም ሳልቸገር አልፋቸዋለሁ፤ አበባው ላይ ስደርስ ግን ቁልፉ «ኦቫሪው የበላይ ነው ወይስ የበታች?»፣ «ካርፔሎቹ የተጣመሩ ናቸው ወይስ የተለያዩ?» እያለ ሲጠይቀኝ እዚያው እቆማለሁ። ሴፓል፣ ፔታል፣ ስቴመንና ፒስቲል የትኞቹ እንደሆኑ በመማሪያ ሥዕል ላይ ማመልከት እችላለሁ። ይሁንና በሥዕሉ ላይ ያለው አበባ ሁሉ ነገር በየቦታው ተለይቶ የተቀመጠለት ሲሆን፣ በእጄ የምይዘው አበባ ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንድታብራሩልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ፒስቲልና ካርፔል አንድ ነገር ናቸው ወይስ የተለያዩ? አንዳንዱ ጽሑፍ አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀማል። ሁለተኛ፣ የኦቫሪውን አቀማመጥ በእርግጠኝነት ለማወቅ ምን ላይ ማተኮር አለብኝ? ሦስተኛ፣ እንደ ሊሊ ያለው አበባ 6 ቅጠሎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው፤ ታዲያ ሴፓሎቹ የት ሄዱ?

መልስ — «የመስክ ደብተር»

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስተኛው ጥያቄዎ ልነሳ፤ እሱ ከተፈታ ሌሎቹም ይቀላሉና። የአበባ ክፍል ስሙን የሚያገኘው በዋነኛነት ከተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ቀለሙና ቅርጹ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። የአበባው ዘንግ ጫፉ ላይ ሰፋ ብሎ ሪሴፕታክል የሚባለውን መቀመጫ ይሠራል፤ በመቀመጫው ላይም ክፍሎቹ ከውጭ ወደ ውስጥ በተለምዶ በአራት ዙር ይደረደራሉ። የውጭኛው ዙር የሴፓሎች ነው፤ በጥቅል ካሊክስ ይባላሉ፤ አበባው ገና እምቡጥ ሳለ ሸፍነው የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ በጥቅል ኮሮላ የሚባሉት ፔታሎች ይመጣሉ። ሦስተኛው ዙር የስቴመኖች ማለትም የወንዴዎቹ ክፍሎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስቴመን ፊላመንት ከሚባል ቀጭን ዘንግና በጫፉ ላይ ብናኝ ከሚይዘው አንተር የተሠራ ነው። መካከሉን የሚይዘው ሴቴው ክፍል ነው፤ ከታች ያበጠው ኦቫሪ፣ ብናኝ የሚቀበለው ጫፉ ደግሞ ስቲግማ ይባላል።

አሁን ሊሊውን ገልብጠው ከጀርባው ይመልከቱት። ስድስቱ ቅጠሎች በአንድ ክብ ላይ ጎን ለጎን የተሰካኩ አይደሉም፤ ሦስቱ ከውጭ፣ ሦስቱ ደግሞ በእነዚያ መካከል ባለው ክፍተት ትይዩ ከውስጥ ተቀምጠዋል። ያልተከፈተ እምቡጥ ካገኙ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል፤ ከውጭ የሚታዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት በእነርሱ ሥር ተጠቅልለዋል። እንግዲህ ሴፓሎቹ የትም አልሄዱም፤ በቦታቸው ሆነው የፔታል መልክ ይዘዋል ማለት ነው። ሁለቱ ዙሮች በመልክ እንዲህ ሲመሳሰሉ ክፍሎቹን በሙሉ ቴፓል ብሎ መጥራት የተለመደ ነው፤ ቱሊፕም እንደዚሁ ነው። ቁልፍዎ ስለ ቴፓል ከጠየቀ 6 በሁለት ዙር ብለው ይመልሱ። የሊሊን ክፍሎች እየቆጠሩ ቢሄዱ 3 ወይም የ3 ብዜት ደጋግሞ ይገጥምዎታል፦ 3 ሲደመር 3 ቴፓሎች፣ 6 ስቴመኖች፣ 3 ክፍል ያለው ስቲግማ። በአንድ የዘር ቅጠል የሚበቅሉት ዕፅዋት በብዛት በዚህ ቁጥር ሲሄዱ፣ በሁለት የዘር ቅጠል የሚበቅሉት አብዛኞቹ በ4 ወይም በ5 ይሄዳሉ። ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ለመነሻ ያህል አስተማማኝ ምልክት ነው።

ወደ ኦቫሪው እንምጣ። «የበላይ» እና «የበታች» የሚሉት ቃላት የሚናገሩት ስለ ኦቫሪው ከፍታ ሳይሆን ሌሎቹ ክፍሎች ከእሱ አንጻር የት ላይ እንደተጣበቁ ነው። ሴፓሎቹ፣ ፔታሎቹና ስቴመኖቹ ከኦቫሪው ግርጌ ከተነሡ ኦቫሪው የበላይ ነው። ከኦቫሪው አናት የሚነሡ መስለው ከታዩ ግን ኦቫሪው የበታች ነው፤ እንዲህ ያለውን አበባ ከጎኑ ሲያዩት ከፔታሎቹ በታች፣ ዘንጉ ከማለቁ በላይ፣ አረንጓዴ እብጠት ያገኛሉ። ሊሊና አማሪሊስ በመልክ የተቀራረቡ ናቸው፤ ሁለቱም 6 ቴፓልና 6 ስቴመን አላቸው። ሆኖም የሊሊ ኦቫሪ በአበባው ውስጥ ቆሞ ይታያል፣ የአማሪሊስ ግን ከአበባው ሥር አብጦ ተቀምጧል። ብዙ ቁልፎች ሁለቱን ወገኖች የሚለዩት በዚሁ ነው።

ፍሬውም ይመሰክራል። ቲማቲምን ቢመለከቱ የሴፓሎቹ አረንጓዴ ኮከብ ያለው ከዘንጉ ጋር በተያያዘበት ጫፍ ነው፤ ፍሬው ከሴፓሎቹ በላይ አደገ ማለት ነውና ኦቫሪው የበላይ ነበር። ፖም ላይ ግን የደረቁት ሴፓሎች የሚገኙት ከዘንጉ ተቃራኒ በሆነው ጫፍ፣ በትንሹ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ነው፤ ኦቫሪው የበታች ስለነበር ፍሬው ሲያድግ ሴፓሎቹን አናቱ ላይ ይዟቸው ወጥቷል። የሙዝ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ጠባሳም አበባው ተጣብቆበት የነበረው ቦታ ነው።

በመካከል ያለ ሦስተኛ ሁኔታ እንዳለም ይወቁት። የኮክን አበባ በቁመቱ ቢሰነጥቁት ሴፓሎቹ፣ ፔታሎቹና ስቴመኖቹ ሃይፓንቲየም በሚባል ጽዋ መሰል ነገር ከንፈር ላይ ተደርድረው፣ ኦቫሪው ግን ከጽዋው ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ወለሉ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ያገኙታል። ጽዋው ኦቫሪውን ስለከበበው ብቻ የበታች ነው ማለት አይቻልም፤ እስካልተጣበቀ ድረስ የበላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጽዋ ያለውን አበባ ሳይሰነጥቁ አይወስኑ።

መልስ — «ምላጭና መርፌ»

ስለ ፒስቲልና ካርፔል እኔ ልመልስ፤ «የመስክ ደብተር» ያስቀመጡትን ሁሉ እስማማበታለሁ።

ፒስቲል በዓይን የሚያዩት ነገር ነው። ከታች ያበጠው ኦቫሪ፣ ከእሱ የሚወጣው አንገት ማለትም ስታይል፣ በጫፉ ላይ ብናኝ የሚቀበለው ስቲግማ፣ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው አንድ ፒስቲል ይባላሉ። ካርፔል ግን ፒስቲሉ የተሠራበት አሃድ ነው፦ ጠርዞቹ ተጠቅልለው የተገጣጠሙና ወደ ዘር የሚለወጡትን ኦቭዩሎች በውስጡ የያዘ አንድ ቅጠል አድርገው ያስቡት። አንድ ፒስቲል ከአንድ ካርፔል ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ከብዙ የተጣመሩ ካርፔሎችም ሊሠራ ይችላል። ሁለቱን ቃላት ማቀያየር ጉዳት የማያመጣው በመጀመሪያው ሁኔታ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ፒስቲል የሚለውን ቃል ጨርሶ መተው ባያስፈልግም፣ ቁልፍ ሲሞሉ ግን ሁልጊዜ በካርፔል ቢያስቡ ይሻልዎታል፤ ምክንያቱም ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚለየው የካርፔሎቹ ቁጥርና መጣመር ነው።

አንድ ካርፔል ምን እንደሚመስል ለማየት ከአተር የተሻለ ምሳሌ የለም። አንድ የአተር ቆባ ሙሉውን አንድ ካርፔል ነው። ቆባውን በስፌቱ በኩል ቀስ ብለው ይክፈቱት። ሁለት ጠርዝ አለው፤ ፍሬዎቹ በሙሉ የተያያዙት በአንደኛው ጠርዝ ብቻ ሲሆን ያም የተጠቀለለው ቅጠል ከንፈሮች የተገናኙበት መስመር ነው። ሌላኛው ጠርዝ የቅጠሉ መካከለኛ ጅማት ነው፤ በእሱ ላይ አንድም ፍሬ አይያያዝም። ቆባው ለሁለት ሲከፈል ፍሬዎቹ አንዱ በግራው ክፋይ፣ ቀጣዩ በቀኙ ክፋይ እየሆኑ በተራ ይቀራሉ፤ እያንዳንዱ ከንፈር የራሱን ረድፍ ይዞ ስለነበር ነው።

የተጣመሩትን ለመቁጠር ደግሞ ኦቫሪውን በስለታም ምላጭ ወርዱን ይቁረጡትና በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ የጓዳዎቹ ማለትም በኦቫሪው ውስጥ በግድግዳ የተለያዩት ክፍት ቦታዎች ቁጥር የካርፔሎቹን ቁጥር ይነግርዎታል። ፖም በወርዱ ሲቆረጥ የሚታየው ባለ 5 ጫፍ ኮከብ 5 ካርፔል ነው። ብርቱካን ውስጥ የምናያቸው ክፋዮች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ካርፔል ናቸው። ይሁን እንጂ ጓዳን ብቻ መቁጠር የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ ዕፅዋት ካርፔሎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ብቻ ተጋጥመው፣ በመካከላቸው ግድግዳ ሳይሠሩ፣ ኦቫሪው ባለ አንድ ጓዳ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚቆጠረው ኦቭዩሎቹ ከግድግዳው ጋር የተያያዙባቸው መስመሮች ማለትም ፕላሴንታዎቹ ናቸው። ቫዮሌት ለዚህ ምሳሌ ነው፦ ጓዳው አንድ፣ መስመሮቹ ሦስት፣ ስለዚህም ካርፔሎቹ 3። የስቲግማው ቅርንጫፎች ቁጥርም ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ የሂቢስከስ ስታይል ጫፉ ላይ አምስት ቦታ ይከፈላል፣ ኦቫሪውም 5 ጓዳ አለው።

ካርፔሎቹ የተለያዩ የሚሆኑበትስ? እንጆሪን ይመልከቱ። በአበባው መካከል ያለው ጉብታ ሪሴፕታክሉ ነው፤ በላዩ ላይ ብዙ ጥቃቅን ካርፔሎች ለየብቻ ተሰክተዋል፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ስታይልና ስቲግማ አላቸው። የሚበላው ቀይ ሥጋ ያበጠው መቀመጫ ሲሆን፣ ዘር የሚመስሉን በላዩ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ከየካርፔሉ የተገኙ እውነተኛዎቹ ፍሬዎች ናቸው። እዚህ ላይ «በአበባው ስንት ፒስቲል አለ?» ቢባል መልሱ «እንደ ካርፔሎቹ ቁጥር» ነው፤ ፖም ላይ ካርፔሎቹ 5 ሆነው ኦቫሪያቸው አንድ ነው።

ጠያቂው — «ጀማሪ ለቃሚ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአተሩን ቆባ ከፍቼ ፍሬዎቹ በተራ ሲቀሩ አይቻለሁ፤ የጓዳውንም አቆጣጠር ተረድቼዋለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ክፍሎቹን በቦታቸው ለመለየት ስሞክር የሱፍ አበባና ቡገንቪሊያ ግራ አጋቡኝ። የሱፍ አበባ ላይ ከውጭ አረንጓዴ ቅጠሎች፣ ቀጥሎ ቢጫ ፔታሎች ይታያሉ፤ መካከሉ ላይ ግን ስቴመኑን ከሴቴው ክፍል መለየት አልቻልኩም። ቡገንቪሊያ ደግሞ 3 ደማቅ ፔታሎች ያሉት ይመስላል፣ ነገር ግን በሁለት የዘር ቅጠል ከሚበቅሉት ወገን ነው። ሦስት ቁጥሩ ከየት መጣ?

መልስ — «ዙር በዙር»

ሁለቱም ምሳሌዎች የሚያስቸግሩት በአንድ ምክንያት ነው፦ አንድ አበባ መስለው የሚታዩት ነገሮች አንድ አበባ አይደሉም።

ከቡገንቪሊያ ልጀምር። ሦስቱ ደማቅ ቅጠሎች ብራክት ይባላሉ፤ ብራክት ማለት ከአበባ ወይም ከአበባ ስብስብ ሥር የሚወጣ ቅጠል ነው፣ ከአበባው አራት ዙሮች ውስጥም አይቆጠርም። ከሦስቱ ብራክቶች አንዱን ይንቀሉና ውስጡን ይመልከቱ። በመካከለኛው ጅማቱ ላይ ተጣብቆ የቆመ ቀጭን ቱቦ ያገኛሉ፤ ጫፉ ነጣ ብሎ እንደ ትንሽ ኮከብ ይከፈታል። አበባው እሱ ነው። በሦስቱ ብራክቶች ላይ ሦስት አበቦች አሉ ማለት ነው። ቱቦው ራሱ ካሊክስ ሲሆን ይህ ተክል ፔታል የለውም። ስለዚህ የቆጠሩት ሦስት ቁጥር ስለ አበባው አደረጃጀት የሚናገረው ነገር የለም። የፖይንሴቲያ ቀይ «ፔታሎች» እና የካላ ሊሊ ነጭ ሽፋንም እንዲሁ ብራክቶች ናቸው። ለመለየት የሚረዳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ከዚህ ባለ ቀለም ቅጠል ወደ ውስጥ ስሄድ የማገኘው ስቴመንና ካርፔል ነው ወይስ ሌላ ሙሉ አበባ? ሌላ አበባ ካገኙ ብራክት ነው።

የሱፍ አበባ ደግሞ በአንድ ሰፊ መቀመጫ ላይ የተደረደሩ የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ከውጭ ያሉት አረንጓዴዎቹ ሴፓል ሳይሆኑ ብራክቶች ናቸው። በዙሪያው ያለው እያንዳንዱ ቢጫ «ፔታል» ኮሮላው ወደ አንድ ጎን ተዘርግቶ ምላስ የመሰለ አንድ አበባ ነው፤ በሱፍ አበባ ላይ እነዚህ መካን ስለሆኑ ዘር አይሰጡም። መካከሉን የሞሉት ጥቃቅን ቱቦዎች ግን እያንዳንዳቸው የተሟሉ አበቦች ናቸው።

ከእነዚህ ቱቦዎች አንዱን በመርፌ ነቅለው በአጉሊ መነጽር ቢያዩት ጊዜዎን አያባክኑም። ከታች ነጣ ያለው ክፍል ኦቫሪው ነው፤ ሌላው ሁሉ በላዩ ስለተቀመጠ የበታች መሆኑ ወዲያው ይታያል፤ በኋላ ጠንክሮ ቅርፊት ያለው የሱፍ ፍሬ የሚሆነውም እሱ ነው። ሴፓሎች በሚገኙበት ቦታ ላይ ጥቃቅን ቅርፊት መሰል ነገሮች አሉ፣ እነርሱም ሳይቆዩ ይረግፋሉ። ከዚያ 5 ፔታሎች ተጣምረው የሠሩት ቱቦ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ ያሉት 5 ጥርሶች ቁጥሩን ይናገራሉ። በቱቦው ውስጥ 5 ስቴመኖች አሉ፤ ፊላመንቶቻቸው የተለያዩ ሲሆኑ አንተሮቻቸው ጎን ለጎን ተጣብቀው ጠቆር ያለ ሌላ ቱቦ ሠርተዋል። ስቴመኑን ከሴቴው ክፍል መለየት ያልቻሉት ለዚህ ነው፤ ስታይሉ በአንተሮቹ ቱቦ ውስጥ ተሰውሯል። አንተሮቹ ብናኙን የሚለቁት ወደ ውስጥ ነው፤ ስታይሉ ከሥር እያደገ ሲመጣ ብናኙን ገፍቶ ያወጣዋል፤ ስቲግማው ለሁለት ተከፍሎ ወደ ኋላ የሚቀለበሰው ከዚያ በኋላ ነው። አበቦቹ ከዳር ወደ መካከል በተራ ስለሚከፈቱ፣ በአንድ ራስ ላይ ከዳር የተከፈለ ስቲግማ፣ ትንሽ ገባ ብሎ ብናኝ የተሸከመ የአንተር ቱቦ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ያልተከፈተ እምቡጥ በአንድ ጊዜ ማየት ይችላሉ።

መልስ — «ምላጭና መርፌ»

«ዙር በዙር» ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብራክት ሳይኖርም ቁጥሩ የሚዛባበት ሌላ ሁኔታ አለ፤ እሱም ድርብርብ ፔታል ያለው የጓሮ ጽጌረዳ ነው። በዱር የሚበቅሉት ጽጌረዳዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም 5 ፔታልና ብዙ ስቴመን አላቸው፤ በእንክብካቤ ከተዳቀሉት ብዙዎቹ ላይ ግን ስቴመን መሆን የነበረባቸው ክፍሎች ፔታል ሆነው አድገዋል። ፔታሎቹን ከውጭ ወደ ውስጥ እየነቀሉ ቢሄዱ ወደ መካከሉ ሲቃረቡ ግማሹ ፔታል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቢጫ አንተር የተንጠለጠለበት ዲቃላ ነገር ያገኛሉ። ክፍሎቹ እንዲህ አንዱ በሌላው ሊተካ የሚችልበት ምክንያት በ1991 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቀረበው የኤ፣ ቢ እና ሲ ጂኖች ሞዴል በአጭሩ ተብራርቷል፦ ኤ ብቻውን ሴፓልን፣ ኤ ከቢ ጋር ፔታልን፣ ቢ ከሲ ጋር ስቴመንን፣ ሲ ብቻውን ካርፔልን ይወስናል። የሲ ሥራ ሲስተጓጎል ኤ ወደ ውስጥ ይስፋፋና በስቴመን ቦታ ፔታል ይበቅላል። ለመለያ ቁልፍ የሚሆነው መደምደሚያ ቀላል ነው፦ ድርብ አበባ ይዘው የፔታል ቁጥር አይሙሉ፣ ነጠላውን ይፈልጉ።

መልስ — «የመስክ ደብተር»

ያዩትን በአጭሩ ለመመዝገብ የአበባ ቀመር ቢጠቀሙ ይመቸዎታል፤ እያንዳንዱን ዙር በተራ እንዲመለከቱም ያስገድድዎታል። ሴፓል በኬ፣ ፔታል በሲ፣ ስቴመን በኤ፣ ካርፔል በጂ ይወከላል፤ የተጣመሩት ክፍሎች ቁጥር በቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ኦቫሪው የበላይ ከሆነ ከጂ ሥር፣ የበታች ከሆነ ከጂ በላይ መስመር ይሰመራል። ይህ ኤ፣ ቢ እና ሲ ጂኖች ከሚባሉት ጋር እንዳይምታታብዎት፤ ፊደሎቹ ቢመሳሰሉም ግንኙነት የላቸውም።

ቲማቲም በመደበኛ መልኩ ኬ(5) ሲ(5) ኤ5 ጂ(2) ይሆናል፤ ትልልቅ ፍሬ የሚሰጡት ዝርያዎች ግን ከዚህ በላይ ካርፔል ስለሚኖራቸው ከአንድ በላይ አበባ ይቁጠሩ። የአተር ደግሞ ኬ(5) ሲ1+2+(2) ኤ(9)+1 ጂ1 ነው። ሲ ላይ ያለው 1 ከላይ የቆመው ሰፊ ፔታል፣ 2 በጎንና በጎን ያሉት ክንፎች፣ በቅንፍ ያለው (2) ደግሞ ከታች ተጣምረው እንደ ጀልባ የሆኑት ናቸው። ስቴመኖቹን ለማየት ጀልባውን ወደ ታች ይሳቡት፤ ዘጠኙ በፊላመንታቸው ተጣብቀው ኦቫሪውን እንደ እጀጌ ሲከቡት፣ አሥረኛው ከላይ በኩል ለብቻው ተለይቶ ይገኛል፣ በመርፌ ጫፍም በቀላሉ ይነሣል።